የሰመጠና የተሰነጠቀ የግቢ መግቢያ፦ ለዋልካ አፈርና ለውርጭ አገር የሚሆን አጠጋገን

በመሐል ሜዳ ከተማም ሆነ ከጓሳ የሣር ደጋ ግርጌ ባሉት ትንንሽ ከተሞች ግቢ ያለው ሰው ይህን ያውቀዋል። ከበሩ እስከ ቤቱ ድረስ ኮንክሪት ይሞላል። የመጀመሪያው ክረምት በሰላም ያልፋል። በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ማግስት ግን የበሩ አጠገብ ጎድጉዶ ውሃ ያቁራል፣ ከመሐሉ ስንጥቅ ይሮጣል፣ የመኪናው ጎማ ሲያልፍበት ከሥሩ ባዶ ቤት ይመስል ይንኳኳል። ግንበኛ ይጠራል፤ ሲሚንቶና አሸዋ ተለውሶ ጎድጓዳው ላይ ይለሰናል። ጥምቀት ሳይደርስ ልስኑ እንደበሰለ እንጀራ ጠርዝ ጠርዙን ይነሳል፤ የወጣው ገንዘብም አብሮት ይሄዳል።

ኮንክሪት በራሱ አይሰምጥም። ከሥሩ ያለው አፈር ሲሸሽ አብሮ ይወርዳል፤ አፈሩን የሚያሸሸው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ውሃ ነው። ስለዚህ ጥገናው ከስንጥቁ አይጀመርም፤ ከውሃው ነው የሚጀመረው። ከዚህ በታች ያለው ቅደም ተከተል ሁሉ በዚህ ላይ ቆሟል።

የእኛ ደጋ ሁለት ችግር አለው። አንደኛው ጥቁሩ ዋልካ ነው። በክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በበጋ ደርቆ ይኮማተራል፣ የሰው እጅ የሚያስገባ ንቃቃት ይከፍታል። በላዩ የተሞላው ኮንክሪት በየዓመቱ አንዴ ወደ ላይ ይገፋል፣ አንዴ ከሥሩ ይከዳዋል። ሁለተኛው ውርጭ ነው። መሐል ሜዳ ከ3,000 ሜትር በላይ ናት፤ ጓሳ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ይደርሳል። በበጋው ወራት ሌሊቱ ከዜሮ በታች ይወርዳል፤ በነጋታው ቀትር ላይ ደግሞ ጸሐዩ ቆዳ ይልጣል። ገና ያልጠነከረ ኮንክሪት ይህን መዋዠቅ አይችለውም። ወደ መርሐቤቴ ቆላ ወርደው የሚሠሩ ከሆነ ስለ ውርጭ የተጻፈውን ይለፉት፤ እዚያ የሚያስቸግረው ሙቀቱና የንፋሱ ማድረቅ ነው።

1. በሽታውን ይለዩ

ዝናብ ሲዘንብ ጃንጥላ ይዘው ይውጡ። ውሃው ከየት እንደሚመጣ፣ የት እንደሚቆም፣ በየትኛው ስንጥቅ እንደሚገባ በዓይንዎ ይዩ። በደረቅ ቀን የሚመጣ ግንበኛ ይህን አያይም፤ ስለዚህ ይህ የባለቤቱ ሥራ ነው።

ከዚያ ድጅኖ ወይም ከባድ መዶሻ ይያዙና በየግማሽ ሜትሩ ኮንክሪቱን መታ መታ ያድርጉ። የደነደነ ድምፅ ከሰጠ ከሥሩ አፈር አለ። እንደ ከበሮ ካስተጋባ ባዶ ነው። ባዶውን ቦታ በኖራ ያክብቡት። ከዳር እስከ ዳር ሲባጎ ወጥረው የሰመጠው ስንት ሳንቲ ሜትር እንደሆነ ይለኩ።

ለስንጥቁ ደግሞ ግራና ቀኙ ላይ አንድ አንድ የኮንክሪት ምስማር ይምቱ፣ በመካከላቸው ያለውን ርቀት በሚሊ ሜትር ለክተው ቀኑን ይጻፉ። በግንቦት አንድ ጊዜ፣ በነሐሴ አንድ ጊዜ ይለኩት። ርቀቱ ካልተለወጠ ስንጥቁ ያረፈ ነው፤ በሲሚንቶ ሊደፈን ይችላል። ከተለወጠ የሚንቀሳቀስ ነው። የሚንቀሳቀስን ስንጥቅ በሲሚንቶ መድፈን ሥራውን ሁለቴ መሥራት ነው፤ ሲሚንቶው አይለጠጥምና ከጎኑ አዲስ ስንጥቅ ያወጣል።

ምን ይሠራ? ወለሉ ሳይሰምጥ የተሰነጠቀ ብቻ ከሆነ 2ኛውን ደረጃ ጨርሰው ወደ 4ኛው ይሂዱ። ከ2 ሳንቲ ሜትር በላይ ከሰመጠ ወይም ከሥሩ ካስተጋባ ያንን ክፍል አፍርሶ መሙላት ነው። ከዚያ ያነሰ ከሰመጠ፣ ባዶ ድምፅ ከሌለውና ውሃ ካላቆረ ስንጥቁን ብቻ ደፍነው ይተዉት። በሌላ አገር ወለሉን በስተው ከሥሩ ፈሳሽ እየገፉ የሚያነሱበት ዘዴ አለ፤ መሣሪያው በሌለበት ግን በባልዲ እያፈሰሱ ያንን ለማስመሰል መሞከር ሲሚንቶ ማባከን ነው። ስስ ልስን ከመደረብም ይቆጠቡ። ከ5 ሳንቲ ሜትር የሳሳ ድርብ መኪና አይሸከምም።

2. ውሃውን ያዙሩ

ይህን ደረጃ የሚዘለው ሰው ብዙ ነው፤ ጥገናው የሚበላሸውም እዚሁ ላይ ነው።

ጣሪያው አሸንዳ ከሌለው ያሰሩለት፤ ካለው ደግሞ መውረጃው የት እንደሚያፈስ ይመልከቱ። ብዙ ግቢ ውስጥ አሸንዳው የመላ ጣሪያውን ውሃ ሰብስቦ የመኪና መግቢያው ጥግ ላይ ይደፋዋል፤ ይህ አሸንዳ ከሌለው ጣሪያ ይብሳል። መውረጃውን በቱቦ እስከ ግቢው ውጭ ወይም እስከ ቦዩ ይውሰዱት።

በመግቢያው ላይኛ ወገን ከወለሉ ሥር የጠለቀ ቦይ ይቆፍሩና ለውሃው መውጫ ይስጡት። መውጫ የሌለው ቦይ ጉድጓድ ነው። የውሃ መስመር ከወለሉ ሥር ካለፈ ደግሞ ቧንቧዎችን ሁሉ ዘግተው ቆጣሪው መዞሩን ይዩ፤ ከዞረ ከመሬት ሥር የሚያፈስ አለ።

ባሕር ዛፍም ይታሰብ። ከመግቢያው ጥቂት ሜትር ላይ የተተከለ ባሕር ዛፍ ዋልካውን በበጋ ይመጠዋል፤ አፈሩም በዛፉ በኩል ብቻ ይወርዳል። ወለልዎ ወደ ዛፉ አዘንብሎ ከሰመጠ ምክንያቱ ይኸው ሊሆን ይችላል።

3. ጊዜውን ይምረጡ

በግንቦት መጨረሻ፣ ዋልካው ደርቆ ነቅቶ ሳለ አይሙሉ፤ ሰኔ ሲገባ ያብጥና ወለልዎን ይገፋዋል። በነሐሴ ጭቃ ላይም አይሙሉ፤ በበጋ ሲደርቅ ይከዳዋል። ደህናው ወቅት አፈሩ መካከለኛ እርጥበት የያዘበት፣ ከመስከረም አጋማሽ እስከ ጥቅምት መጀመሪያ ያለው ነው። ከዚያ በኋላ ውርጩ እየከበደ ይመጣል፤ «በጥቅምት አንድ አጥንት» የሚባለውም ያለ ምክንያት አይደለም። ሁለተኛው ዕድል በመጋቢትና በሚያዝያ፣ በበልጉ መካከል ዝናቡ ጋብ በሚልባቸው ቀናት ነው።

ግድ ሆኖ በኅዳርና በታኅሣሥ የሚሠሩ ከሆነ ሙሌቱን ጠዋት ጸሐይ ከሞቀ በኋላ፣ 3 ሰዓት ገደማ ጀምረው እስከ 7 ሰዓት ይጨርሱ። አንድ ጊዜ በታኅሣሥ አንድ ግቢ ውስጥ ሥራው አልቆ እንዲያድር ብለን እስከ ምሽት 12 ሰዓት ሞላን። ጠዋት ስንመጣ ወለሉ አመዳይ ለብሶ ነጭ ሆኗል። ጸሐይ ሲመታው ውሃ አወጣ፤ በቁልፍ ስጭረው እንደ እርጥብ ጨው ፈረሰ። አንድ ጣት የሚያህል ውፍረት ከላይ ሞቶ ነበር። በውስጡ ያለው ውሃ በረዶ ሆኖ ሲያብጥ ገና ያልተያያዘውን ሲሚንቶ ይለያየዋል፤ በኋላ ቢሞቅም ተመልሶ አይያያዝም። አፍርሰን እንደገና ሞላን።

4. ያረፈን ስንጥቅ መድፈን

የሚያስፈልገው ስካርፔሎ፣ መዶሻ፣ የሽቦ ብሩሽ፣ ካሱላ፣ በደንብ የተነፋ አሸዋና ሲሚንቶ ነው።

ስንጥቁን በስካርፔሎ 2 ሳንቲ ሜትር ያህል ወርድና ጥልቀት እንዲኖረው አድርገው ይክፈቱት። ግድግዳው ቀጥ ያለ፣ ከተቻለም ከታች ሰፋ ከላይ ጠበብ ያለ ይሁን። ከላይ ሰፍቶ ከታች የጠበበ ከሆነ ድፍኑ የሚይዘው ነገር አያገኝም። ዱቄቱን ይቦርሹ፣ በውሃ ይጠቡ፣ እርጥበት ይዞ ውሃ የማያቁርበት ደረጃ ላይ ሲደርስ ውሃ የበዛበት ሲሚንቶ በብሩሽ ግድግዳውን ይቀቡ። እሱ ሳይደርቅ አንድ እጅ ሲሚንቶና ሁለት እጅ ደቃቅ አሸዋ ጠንከር አድርገው ለውሰው በካሱላ አጥብቀው ይጠቅጥቁ። ደረቅ ኮንክሪት ላይ የተለጠፈ ድፍን ውሃው ስለሚመጠጥበት ከሳምንት በኋላ በጣት ይነሳል።

ለሚንቀሳቀሰው ስንጥቅ መልሱ ሬንጅ ነው። ስንጥቁን እንደ ላይኛው ከፍተው በደንብ ያድርቁት፣ ሬንጁን አቅልጠው ከደረቅ አሸዋ ጋር ቀላቅለው ይሙሉት። ወለሉ ሲንቀሳቀስ አብሮ ይለጠጣል፣ ውሃም አያስገባም። መልኩ አያምርም፤ ውሃ ከማስገባት ግን ይሻላል። ሬንጅ ሲቀልጥ ልጆችን ያርቁ፤ ጓንትና የተሸፈነ ጫማ ያድርጉ።

5. የሰመጠውን ክፍል ማፍረስ

የሚፈርሰውን ቦታ አራት ማዕዘን አድርገው ያስምሩ። ሹል ማዕዘን ያለው ቁራጭ በኋላ ከማዕዘኑ ይሰነጠቃል። በመስመሩ ላይ በግራይንደር 3 ወይም 4 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ይቁረጡ፤ እንዲህ ካልተደረገ መዶሻው ደህናውንም ይሰነጥቀዋል። አቧራው ሳንባ ይጎዳል፤ ውሃ እያርከፈከፉ ይቁረጡ፣ ጭምብልና መነጽር ያድርጉ።

ከመሐል ጀምረው ወደ ዳር ያፍርሱ። ብረት ካገኙ ወዲያው አይቁረጡት፤ ከደህናው ጠርዝ 40 ሳንቲ ሜትር ያህል ትርፍ ይተዉለት፤ ከአዲሱ ብረት ጋር ይታሰራል። የፈረሰውን ኮንክሪት አይጣሉት፤ በቡጢ መጠን ተሰብሮ ከታች ለድንጋይ ንጣፉ ይሆናል።

6. መሠረቱን መሥራት

የዚህ ሥራ ልቡ እዚህ ነው። ግንበኛዎ በዚህ ቢቸኩል አብረውት አይቸኩሉ።

ዋልካውን ቢያንስ 50 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ቆርጠው ያውጡ። ከዚያ በታች አሁንም ዋልካ ቢሆን አይደንግጡ፤ 50 ሳንቲ ሜትር ደህና አፈር በላዩ ካረፈበት እብጠቱ ይቀንሳል። የቆፈሩት ቦታ ውሃ እንደሚያቁር ግን አይርሱ። ዋልካ ውስጥ የተቆፈረና በድንጋይ የተሞላ ጉድጓድ ገንዳ ማለት ነው፤ ውሃው በድንጋዩ መካከል ገብቶ ይተኛል፣ ከሥሩ ያለውን ዋልካ ያረጥበዋል። ይህን ብዙ ጥሩ ግንበኞች ሲስቱት አይቻለሁ። ስለዚህ የጉድጓዱን ወለል ወደ አንድ ጎን አዘንብለው ይቁረጡ፣ ከዝቅተኛው ጥግም ወደ ቦዩ የሚወጣ የተበሳ ቱቦ ይቅበሩ።

መሙያው ገረጋንቲ ይሁን። ከ15 ሳንቲ ሜትር ያልበለጠ ንጣፍ ያድርጉ፣ ይጠቅጥቁ፣ ከዚያ ሌላውን ይጨምሩ። 50ውን በአንድ ጊዜ ሞልቶ ከላይ መጠቅጠቅ የላዩን ብቻ ያጠነክራል፤ የታችኛው በኋላ በመኪናው ክብደት ይወርዳል። እርጥበቱን በእጅዎ ይፈትኑ፦ ጨብጠው ሲጨምቁት ኳስ ከሆነና ከወገብ ከፍታ ሲጥሉት ወደ ጥቂት ጓል ከተሰበረ ልክ ነው። ከተበተነ ውሃ ይጨምሩ፤ ተለጥፎ ከቀረ ይጠብቁ። የሞተር መጠቅጠቂያ የሚከራይ ካገኙ ይከራዩ። ካላገኙ በከባድ ብረት ወይም በግንድ የተሠራ የእጅ መጠቅጠቂያ ይሠራል፤ ያንን ሲጠቀሙ ንጣፉን ወደ 10 ሳንቲ ሜትር ያሳንሱ። የጫማ ተረከዝዎን አጥብቀው ሲረግጡ ምልክት ካልተወ ደርሷል።

ከገረጋንቲው በላይ 20 ሳንቲ ሜትር ጥቁር ድንጋይ አቁመው ይደርድሩ፣ ክፍተቱን በደቃቅ ጠጠር ይሙሉ፣ እንደገና ይጠቅጥቁ። ገረጋንቲው፣ ድንጋዩና ኮንክሪቱ ሁሉ ከወለሉ ከፍታ በታች ስለሚገቡ ቁፋሮውን ሲለኩ ውፍረታቸውን አስቀድመው ይደምሩት።

በዚህ ላይ አንድ ሐሳብ ልስጥ። መግቢያው በሙሉ ዋልካ ላይ ከሆነና ይህን ያህል ማውጣት አቅም የማይፈቅድ ከሆነ ኮንክሪቱን ትተው ኮብልስቶን ያስነጥፉ። ኮብል ቢሰምጥ ድንጋዩ ተነሥቶ፣ አሸዋ ተጨምሮ፣ ያው ድንጋይ ይመለሳል። ኮንክሪት ይህን ዕድል አይሰጥም።

7. ውፍረት፣ ብረትና ፉጋ

ለቤት መኪናና ለባጃጅ 12 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ይበቃል። ጭነት የያዘ አይሱዙ የሚገባ ከሆነ 15 ያድርጉት፣ ጠርዙንም ወፈር ያድርጉ። ተዳፋቱ ቢያንስ በአንድ ሜትር 2 ሳንቲ ሜትር፣ ከቤቱ የሚርቅ ይሁን።

8 ሚሊ ሜትር ፌሮ በሁለቱም አቅጣጫ በየ20 ሳንቲ ሜትሩ ይታሰር። ከወለሉ ፊት ወደ ታች 4 ወይም 5 ሳንቲ ሜትር ላይ እንዲቀመጥ የኮንክሪት ስፔሰር ከሥሩ ያስገቡ። ብረቱን ድንጋዩ ላይ ዘርግቶ «ስንሞላ እናነሳዋለን» ማለት የተለመደ ነው፤ ሲሞላ ግን ሠራተኛው ይረግጠዋል፣ ብረቱም መሬት ላይ ይቀራል። መሬት ላይ የቀረ ብረት ስንጥቅን አይከላከልም።

አዲሱ ወለል ከቤቱ ግድግዳ ጋር አይጣበቅ፤ 1 ሳንቲ ሜትር ፎም በመካከል ያስገቡ። ወለሉን በሦስት በሦስት ሜትር፣ ወደ ካሬ በቀረበ ቅርጽ በፉጋ ይከፋፍሉት። ኮንክሪት ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ፉጋ ካልሰጡት የሚሰነጠቅበትን መስመር ራሱ ይመርጣል። የፉጋው ጥልቀት የውፍረቱ ሩብ ያህል ይሁን።

8. ልወሳው

አሸዋውን አስቀድመው ይፈትሹ። ግልጽ ጠርሙስ እስከ ግማሽ አሸዋ፣ ቀሪውን ውሃና ትንሽ ጨው አድርገው ያናውጡት፣ ያሳድሩት። ከአሸዋው በላይ የሚተኛው ጭቃ ከአሸዋው ከፍታ 6 በመቶ ካለፈ ይታጠብ። ሲሚንቶው ከረጢቱን ሲነኩት ጓል ካለው አይቀበሉ።

መለኪያው ሳጥን ነው። 50 በ40 በ18 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሳጥን 36 ሊትር ይይዛል፤ ከአንድ 50 ኪሎ ከረጢት ሲሚንቶ ጋር ይቀራረባል። ለአንድ ከረጢት 2 ሳጥን አሸዋና 3 ሳጥን «ዜሮ ሁለት» ጠጠር። በአካፋ መቁጠር ይቅር፤ ጠዋትና ከሰዓት የአካፋው መጠን አንድ አይሆንም። ለምሳሌ 3 በ3 ሜትር፣ 12 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ክፍል አንድ ሜትር ኩብ ከትንሽ ነው፤ ወደ 8 ከረጢት፣ ማለትም 4 ኩንታል ሲሚንቶ ይፈልጋል።

ላሜራ ወይም ጠንካራ ወለል ላይ፣ መልኩ አንድ እስኪሆን በደረቁ ሁለት ጊዜ ያገላብጡ፤ ከዚያ ውሃ። ለከረጢት ከ22 እስከ 25 ሊትር ነው፤ አሸዋው እርጥብ ከሆነ ከዚያም ያንሳል። ሠራተኛ ሥራው እንዲቀልለት ውሃ ያበዛል። ትርፉ ውሃ ሲተን ቦታው ባዶ ይቀራል፣ ወለሉም ይደክማል፣ በውርጩም ቶሎ ይላጣል። ባልዲውን ይዘው አጠገቡ የሚቆሙት እርስዎ ይሁኑ።

9. ሙሌቱና አጨራረሱ

የድንጋዩን ንጣፍ ያርጥቡ፣ ውሃ ግን አይቁም። የአሮጌውን ኮንክሪት ጠርዝ በውሃ በቀጠነ ሲሚንቶ ይቀቡ፣ ሳይደርቅ ይሙሉ። ከአንድ ጥግ ጀምረው እየጠቀጠቁ፣ በስታጃ እየሳቡ ያስተካክሉ። ከዚያ ይቆዩ። ላዩ ላይ የሚያቆረው ውሃ ሳይጠፋ በፍራታቾ ማሸት ውሃውን ከላይ ይዘጋበታል፤ በኋላ ላዩ እንደ ልጣጭ ይነሳል። ደረቅ ሲሚንቶ መበተንም እንዲሁ ያደርጋል።

ሊሾ አያሠሩ። ጠዋት አመዳይ ያረፈበት ሊሾ ላይ ሰው ይወድቃል፣ በቅሎም እግሯ ይከዳታል። ከፍራታቾው በኋላ ተዳፋቱን አቋርጠው በመጥረጊያ ሸካራ ያድርጉት።

10. ማጠጣትና መሸፈን

ሲሚንቶ የሚጠነክረው በውሃ ነው። ውርጭ በሌለበት ወቅት በጆንያ ወይም በኬሻ ሸፍነው ቢያንስ 7 ቀን ሳያቋርጡ ያጠጡት። የእኛ አገር ንፋስና ጸሐይ በግማሽ ቀን ያደርቀዋል፤ ጠዋትና ማታ ብቻ ማርከፍከፍ አይበቃም።

በውርጭ ወቅት አሠራሩ ይለያል። ሙሌቱ እንዳለቀ በላስቲክ ይሸፍኑት፣ በላዩ ቢያንስ አንድ ክንድ ውፍረት የገብስ ገለባ ያልብሱት፣ ንፋስ እንዳይወስደው ሸራና ድንጋይ ይጫኑበት። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሌሊቶች ሽፋኑን አይግለጡ። ከዚያ በኋላ የሚያጠጡት ከ4 እስከ 9 ሰዓት ባለው ሙቀት ብቻ ይሁን፤ ማታ ያጠጡት ውሃ ያድራል፣ ይጋገራል። እንክብካቤው እስከ 14 ቀን ይርዘም። ለሽፋን ብለው ወደ ጓሳው ሣር ግን አይሂዱ፤ አጨዳው በማኅበረሰቡ ደንብ የሚመራ ነው፣ ገለባም ያንኑ ሥራ ይሠራል።

በእግር ከሦስተኛው ቀን በኋላ፣ በቤት መኪና ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ በጭነት መኪና ከ28 ቀን በኋላ ይለፉበት።

ፉጋዎቹን ወለሉ ከደረቀ በኋላ በሬንጅ ይሙሏቸው፣ በየዓመቱም ግንቦት ላይ የተላቀቀውን ይተኩ። በሐምሌ የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ሲጥል ጃንጥላውን ይዘው እንደገና ይውጡ። ውሃው በሩ አጠገብ ከቆመ ቦዩ ውስጥ ጭቃ ገብቷል ማለት ነው፤ አካፋ ይዘው ይመለሱ።